የቁጥር ቃላት ምስክርነት

በአንድ ቋንቋ ሀብት ውስጥ የጥበብ ሰው ዓይን ብዙም የማያርፍባቸው ቃላት ቢኖሩ የቁጥር ቃላት ናቸው። ገጣሚው ለፍቅርና ለሞት፣ ለአገርና ለናፍቆት የሚስማማ ቃል ሲመርጥ ይውላል፤ ሦስትንና ሰባትን፣ ስምንትንና መቶን ግን ለገበያተኛው፣ ለእረኛውና ለግምጃ ቤት ሹሙ ትቶላቸው ያልፋል። ይሁን እንጂ ጽሑፍ ባልነበረበት ዘመን ስለ ኖሩ ሕዝቦች አነጋገር ለመመስከር ከቀሩት ጥቂት እማኞች መካከል ግንባር ቀደሞቹ እነዚሁ ያልተዘመረላቸው ቃላት ናቸው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። መንግሥት ሲለወጥ የማዕረግ ስም ይለወጣል፤ ሃይማኖት ሲለወጥ የአምላክ መጠሪያ ይለወጣል፤ ሲመሽ ከብቱን ወደ በረት የሚያስገባ ሰው ግን ትናንት የቈጠረበትን ቃል ዛሬ የሚለውጥበት ምክንያት እምብዛም የለውም። አባት በቈጠረበት ልጅ ይቈጥራል።

ከቤንጋል እስከ አየርላንድ ድረስ ባለው ሰፊ ምድር የሚነገሩትን ቋንቋዎች በአንድ ቤተሰብ ለማሰባሰብ የቻለው ጥናት ከእነዚህ ቃላት ብዙ ተጠቅሟል። በ1786 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በካልካታ ከተማ የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዳኛ የነበረው ዊልያም ጆንስ በእስያ ማኅበር ጉባኤ ላይ ባደረገው ንግግር፣ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ምናልባት ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አስታወቀ። ይህን የጠረጠረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ አልነበረም፤ ሐሳቡ በሰፊው የተሰማው ግን ከእርሱ ንግግር በኋላ ነው። ሦስት ቁጥር በሳንስክሪት «ትራያስ»፣ በግሪክ «ትሬይስ»፣ በላቲን «ትሬስ»፣ በሊቱዌንያ ቋንቋ «ትሪስ»፣ በሩሲያኛ «ትሪ» ይባላል። እነዚህን አንድ ላይ የሰማ ሁሉ፣ ሊቅ ባይሆንም እንኳ፣ ዝምድናን መጠርጠሩ አይቀርም።

ነገር ግን ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። የኢትዮጵያ አንባቢ በላቲን ሰባት ቁጥር «ሴፕቴም»፣ በሳንስክሪት «ሳፕታ» መባሉን ሲሰማ፣ «እንግዲያስ ከእኛው ሰባት ጋር ዘመዳሞች ናቸዋ!» ሊል ይችላል። የቋንቋ ሊቃውንትም ይህን ተመሳሳይነት ሳያስተውሉ አልቀሩም። አንዳንዶቹ ቃሉ በጥንት ዘመን በንግድና በጉርብትና ከሴማውያን ቋንቋዎች ተወስዷል ይላሉ፤ ሌሎቹ አጋጣሚ ነው ይላሉ፤ ክርክሩም እስካሁን እልባት አላገኘም። መመሳሰል ከዝምድና ውጭ ሌሎች ሁለት ምንጮች አሉትና። አንደኛው ውሰት ነው፤ የስዋሂሊ ተናጋሪ ስድስትን «ሲታ»፣ ሰባትን «ሳባ»፣ ዘጠኝን «ቲሳ» ቢል፣ ቃላቱ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር መጡ እንጂ ስዋሂሊ የሴም ቋንቋ ሆኖ አይደለም። ሁለተኛው አጋጣሚ ነው፤ በእንግሊዝኛም በፋርስኛም «ባድ» መጥፎ ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ፈጽሞ አይዛመዱም።

ታዲያ ዝምድና በምን ይረጋገጣል? መልሱ ለሰሚው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ የሚረጋገጠው በመመሳሰል ሳይሆን ሥርዓት ባለው ልዩነት ነው። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስምንት በግእዝ «ሰመንቱ» ነው፤ በዕብራይስጥ ግን በ«ሰ» ፋንታ «ሸ» ይሆንና «ሽሞኔ» ይባላል፤ ዐረቡ ደግሞ ይህንኑ የመጀመሪያ ድምፅ ምላሱን በጥርሱ መካከል አድርጎ ይጠራዋል። ይህ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ነገር ግን በግእዝ በሬ «ሶር» ሲሆን በዕብራይስጥ «ሾር» ሆኖ ይገኛል፤ ዐረቡም እንደ ገና ምላሱን በጥርሱ መካከል ያደርጋል። ልዩነቱ በአንድ ቃል ላይ ብቻ ሳይሆን በሌላውም ላይ በዚያው መልክ ሲደጋገም፣ ከጀርባው አንድ የጋራ አባት መኖሩ ይታወቃል። አጋጣሚ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም።

ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 ያሳዩት ይህንኑ ነበር። በጀርመናዊው የቋንቋ ቅርንጫፍ የጥንቱ «ፐ» ወደ «ፈ»፣ የጥንቱ «ከ» ወደ «ሀ»፣ የጥንቱ «ተ» ደግሞ ምላስ በጥርስ መካከል ወደሚወጣበት ድምፅ ተለውጧል። ስለዚህ የግሪኩ አምስት «ፔንቴ» በጥንታዊው የጎት ቋንቋ «ፊምፍ» ሆነ፤ የላቲኑ «ትሬስ» በእንግሊዝኛ ዛሬ ተማሪው ምላሱን እየነከሰ የሚለማመደው «ስሪ» ሆነ፤ የላቲኑ መቶ «ኬንቱም» በጎት «ሁንድ» ሆነ። ከመቶው የመጀመሪያ ድምፅ ላይ ግን ዓይኑን ወደ መጨረሻው ያሳለፈ ሰው አንድ እክል ያገኛል። በሦስት ላይ «ተ» በሕጉ መሠረት ተለወጠ፤ በመቶ ላይ ግን ያው «ተ» ወደ «ደ» ሄደ። አንዱ ሕግ ለአንዱ ድምፅ ሁለት ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ይህ እክል ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ሊቃውንቱን አስቸገረ። መፍትሔው የተገኘው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ካርል ቬርነር የተባለው ዴንማርካዊ በ1875 ደርሶበት በ1877 ባሳተመው ጥናት፣ ምክንያቱ በቃሉ ውስጥ ድምፅ ጠበቅ ተደርጎ የሚነሣበት ስፍራ መሆኑን አሳየ። የሕንድ ካህናት የቬዳን መዝሙሮች ከአፍ ወደ አፍ ሲያስተላልፉ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የድምፁን መነሣትና መውደቅ ጭምር ጠብቀው ነበር፤ በእነርሱም አፍ መቶ «ሻታም» ሲባል ድምፁ የሚነሣው በኋለኛው ክፍል ላይ ነው። ከ«ተ» በፊት ያለው ክፍል ድምፅ ካልተነሣበት «ተ» ወደ «ደ» ያዘነብላል። ሰባትም እንደዚሁ ነው፤ «ሳፕታ» በመጨረሻው ላይ ስለሚነሣ የጎቱ ሰባት «ሲቡን» ሆነ እንጂ «ሲፉን» አልሆነም። በሰሜን አውሮፓ የጠፋው ዜማ የገደለውንና ያዳነውን ድምፅ፣ ዜማውን በቃላቸው ያጠኑ የጋንጀስ ወንዝ ዳር ሰዎች መሰከሩለት። የመሪጌታን ተማሪ የዜማ ትጋት የሚያውቅ አንባቢ የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት አይቸገርም።

በዚህ መንገድ የጥንቱ ቈጠራ ቀስ በቀስ ተመልሶ ታነጸ። ሁለት «ድዎ»፣ ሦስት «ትሬየስ»፣ አራት «ክዌትዎሬስ»፣ አምስት «ፔንክዌ»፣ ስድስት «ስዌክስ»፣ ሰባት «ሴፕትም»፣ ስምንት «ኦክቶው»፣ ዘጠኝ «ኔውን»፣ ዐሥር «ዴክም»፣ መቶ «ክምቶም»። ከእያንዳንዱ ቃል በፊት ሊቃውንቱ አንዲት ትንሽ ኮከብ ያደርጋሉ። የኮከቢቱ ትርጕም «ይህን ቃል ማንም ጽፎት አልተገኘም፤ በንጽጽር የተደረሰበት ነው» ማለት ነው። ልማዱን ያስፋፋው ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር እንዲያውም በ1868 ስለ አንድ በግና ስለ ፈረሶች የሚናገር አጭር ተረት በዚሁ በታነጸው ቋንቋ ጽፏል። ተከታዮቹ ያንኑ ተረት በየዘመናቸው ዕውቀት መሠረት ደጋግመው እየጻፉ አሻሽለውታል። ኮከቢቱ እንግዲህ የትሕትና ምልክት ናት፤ የሚታወቀውን ከሚገመተው ትለያለች።

ቈጠራ ከቃላት ሁሉ የተለየ አንድ ጠባይ ደግሞ አለው፤ ይኸውም ቃላቱ በሰልፍ መሄዳቸው ነው። ሰው «ወንዝ» ካለ በኋላ የግድ «ተራራ» አይልም፤ «አራት» ካለ በኋላ ግን «አምስት» ይላል። በመድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆመው የሚያዜሙ ሁለት ሰዎች ሳያውቁት አንዱ የሌላውን ድምፅ እንደሚወስድ፣ ጎረቤታም ቁጥሮችም ይወራረሳሉ። በጀርመናዊው ቅርንጫፍ አራት በ«ፈ» የሚጀምረው ሕጉ አዝዞት ሳይሆን ከአጠገቡ ያለው አምስት በ«ፈ» ስለሚጀምር ነው። በስላቭ ቋንቋዎች ዘጠኝ በ«ነ» መጀመር ሲገባው በ«ደ» የጀመረው፣ «ዴስያት» የሚባለው ዐሥር በ«ደ» ስለሚጀምርና አንደበት ስለ ተንደረደረ ነው፤ ስለዚህም የሩሲያው ዘጠኝ «ዴቪያት» ሆነ። የላቲኑ ዘጠኝ «ኖቬም» መጨረሻውን ከ«ሴፕቴም»ና ከ«ዴኬም» ተዋሰ፤ ዘጠነኛ በሚለው «ኖኑስ» ውስጥ ግን የቀድሞው «ነ» ተደብቆ ቀርቷል። የቋንቋ ሕግ ብረት ቢሆንም የሚያልፈው በሰው አፍ ነውና፣ የሰው ምት ያርፍበታል።

ከታነጹት ቃላት ጀርባ የዚያን ዘመን ሰው እጅ ለማየት የሞከሩም አሉ። የስምንት ቃል «ኦክቶው» መጨረሻው ሁለት ነገሮችን በአንድነት ለመጥራት የሚያገለግለውን የሰዋስው ቅርጽ ይመስላል፤ ስለዚህ «ሁለት አራቶች» ማለት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገምቷል። «ኔውን» ደግሞ «አዲስ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ፣ ከሁለቱ አራቶች ቀጥሎ የመጣ አዲስ ቁጥር ይሆን? ይላሉ። እነዚህ ግምቶች ናቸው፤ መቶ ከዐሥር የተወለደ ቃል መሆኑ ግን ሰፊ ተቀባይነት አለው። የሚያስገርመው ግን ሁሉም ይስማሙበታል ተብሎ የሚጠበቀው «አንድ» መሆን ሲገባው፣ ቅርንጫፎቹ የተለያዩት በእርሱ ላይ መሆኑ ነው፤ ላቲኑ «ኡኑስ»፣ ግሪኩ «ሄይስ»፣ ሳንስክሪቱ «ኤካ» ይላል። ለሺህም ቤተሰቡ ሁሉ የሚጋራው ቃል አልተገኘም።

ከእነዚህ እማኞች መካከል ዝም ያሉም ነበሩ። ከ1906 ጀምሮ በቱርክ ምድር ከቦጋዝኮይ የተቈፈሩት የሂታይት የሸክላ ጽላቶች በቼኩ ሊቅ ቤድርዢህ ህሮዝኒ በ1915 ሲፈቱ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ በጽሑፍ የቀደመ ቋንቋ ተገኘ። ቁጥሮቹን ግን ጸሐፍቱ በአኃዝ ምልክት እንጂ በፊደል አልጻፏቸውም። «፯» የሚለውን ምልክት ያየ አንባቢ አማርኛ ቢያውቅ «ሰባት»፣ ግእዝ ቢያውቅ «ሰብዐቱ» እንደሚል፣ ምልክቱ ራሱ ግን ስለ ድምፁ ምንም እንደማይናገር ሁሉ፣ የሂታይት ጸሐፊም ድምፁን ይዞ ወደ መቃብር ወረደ። ሾልከው ከተገኙት ጥቂት ቃላት ውስጥ አራት ቁጥር ከሌሎቹ «ክዌትዎሬስ» ፈጽሞ የተለየ መሆኑ ታወቀ። በጥንታዊነቱ የተከበረው እማኝ የራሱን ቃል ይዞ ቀረበ ማለት ነው።

እነዚሁ ጽላቶች ግን ሌላ ታላቅ ምስክርነት ሰጥተዋል። በ1878 የ21 ዓመት ወጣት የነበረው ስዊሳዊው ፈርዲናንድ ደ ሶሲር፣ የአናባቢዎችን ጠባይ ብቻ መርምሮ፣ በጥንቱ ቋንቋ ውስጥ የነበሩ፣ በኋላ ግን በሚታወቁት ልጆች ሁሉ ዘንድ የጠፉ ድምፆች መኖር አለባቸው ብሎ ደመደመ። በ1927 የፖላንዱ ሊቅ የዢ ኩሪሎቪች፣ ከእነዚያ ጠፉ ከተባሉት መካከል በሂታይት ጽላቶች ላይ የጉሮሮ ድምፅ ሆኖ ተጽፎ የተገኘ እንዳለ አሳየ። ይህ ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ምሥጢር አይሆንበትም። በግእዙ «ሰብዐቱ» ውስጥ ያለው የጉሮሮ «ዐ» ከአማርኛ አፍ ጠፍቷል፤ ሲጠፋ ግን ዱካውን ትቶ «ሰባት» በሚለው ውስጥ «በ»ን «ባ» አድርጎ ሄደ። ግእዝ ባይጻፍ እንኳ «ሸውዓተ» የሚለው የትግርኛ ተናጋሪ አፍ ድምፁ እንደ ነበረ ይመሰክር ነበር። ሶሲር ያየው ዱካውን ነበር፤ ሂታይት የትግርኛውን ቦታ ይዞ መሰከረለት።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ቢኖር፣ የቁጥር ቃላት ስለ አንድ የተገፋ ሕዝብ የሰጡትን ምስክርነት ያድምጥ። ራሳቸውን ሮማ ብለው የሚጠሩት፣ ሌላው ግን ጂፕሲ፣ በጀርመንኛም «ጺጎይነር» እያለ ያንቋሸሻቸው ሕዝቦች በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት ከየት እንደ መጡ ሳይታወቅ ኖረዋል። ከግብፅ መጥተዋል የሚለው ግምት ጂፕሲ የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። በ1782 ግን የጀርመኑ ሊቅ ዮሐን ሩዲገር፣ አንዲት የሮማ ሴት ዐረፍተ ነገሮችን በቋንቋዋ እንድትነግረው አድርጎ የሰማውን ከሂንዱስታኒ ሰዋስው ጋር ሲያስተያይ፣ ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ሆነው አገኛቸው። የመጻሕፍት ቤቶች ሁሉ ያልያዙት የሕዝቡ ታሪክ በዚያች ሴት አፍ ውስጥ ነበር።

ሮማዎች ሲቈጥሩ «የክ፣ ዱይ፣ ትሪን፣ ሽታር፣ ፓንጅ፣ ሾቭ» ይላሉ፤ ሕንዱ «ኤክ፣ ዶ፣ ቲን፣ ቻር፣ ፓንች» እንደሚለው ነው። ዐሥርም «ዴሽ» ነው፤ የሕንዱ «ደስ» ወንድም። በመካከል ያሉት ሰባት፣ ስምንትና ዘጠኝ ግን «ኤፍታ፣ ኦኽቶ፣ ኤንያ» ይባላሉ። እነዚህ የግሪክ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከአንድ እስከ ዐሥር መቍጠር ብቻ የአንድን ሕዝብ ጉዞ ይተርካል፤ ከሕንድ መነሣቱን፣ በቢዛንታይን መንግሥት ምድር ከግሪኮች ጋር በገበያና በሥራ ረዥም ዘመን መኖሩን። ከዚህም ጋር አንድ ጥልቅ ነገር አለ፤ ሮማዎች የጣሉት የሕንዱ ሰባትና የተቀበሉት የግሪኩ ሰባት ሁለቱም የዚያው የ«ሴፕትም» ልጆች ናቸው። በሺህ ዓመታት የተለያዩ የአንድ አያት ልጆች በባዕድ ገበያ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ቦታ ያዘ፤ ዘመድ መሆናቸውን ያወቀ ግን አልነበረም።

ይህ ዕውቀት በክፉዎች እጅ ምን እንደ ሆነ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አሳይቷል። «አርያ» የሚለው ቃል የጥንት ሕንዶችና ኢራናውያን ራሳቸውን የሚጠሩበት ስም ነበር። ከቋንቋ ጥናት ወጥቶ የዘር መታወቂያ ተደረገ። በ1888 ማክስ ሙለር ስሙ የቋንቋ እንጂ የደም አይደለም ብሎ ቢያስጠነቅቅም የሰማው አልበዛም። በጁላይ 1938 የፋሽስት ኢጣልያ የዘር መግለጫ ኢጣልያኖችን አርያን ብሎ ሰየመ፤ ከዚያ በፊት በ1937 የወጣው ድንጋጌ በወረራ በተያዘችው ኢትዮጵያ ጭምር ኢጣልያዊ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት ይቀጣ ነበር። በጀርመን ደግሞ ሂምለር በዲሴምበር 1938 የሮማዎች ጉዳይ በዘር መሠረት እንዲፈታ አዘዘ። የናዚ የዘር ተመራማሪዎች የሮማዎች ቋንቋ ከሕንድ መሆኑን አልሳቱትም። ይህም ሆኖ፣ በቋንቋ ከተባለ በሂትለር አፍ ከሚነገረው ጀርመንኛ ይልቅ «አርያ» ለሚለው ስም የሚቀርበው የሮማዎች ንግግር ሆኖ ሳለ፣ «ደማቸው ተበክሏል» ብለው ለሞት አሳልፈው ሰጧቸው።

ወደ ኦሽዊትዝ ከተጋዙት 23,000 ያህል ሮማዎችና ሲንቲዎች ወደ 21,000 የሚሆኑት አለቁ። ኦገስት 2 ቀን 1944 ሌሊት ብቻ ከ4,000 በላይ የሚሆኑ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በጋዝ ታፍነው ተገደሉ። እያንዳንዱ እስረኛ በክንዱ ላይ «ዜድ» የሚል ፊደልና አንድ ቁጥር ተነቅሶበት ነበር፤ ፊደሏ የዚያ የንቀት ስም የመጀመሪያዋ ናት። ከሕንድ እስከ አውሮፓ የተጓዙበትን ታሪክ በቁጥር ቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰዎች ራሳቸው ቁጥር ተደረጉ። ነቃሹ አኃዙን ብቻ ጻፈ፤ እናትየዋ ለልጇ በምን ቃል ትቈጥር እንደ ነበር አልጠየቀም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት የምስክሩን ድንበር ማወቅ ነው። የቁጥር ቃላት ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ ማን ከማን እንደ ተማረ፣ የትኛው አንደበት ከየትኛው አንደበት እንደ ተወለደ ይናገራሉ። የጥንቱ ቋንቋ፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚያምኑት፣ ከ6,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጥቁር ባሕር በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ሲነገር የነበረ ቢሆን፣ ዛሬ ልጆቹን የሚናገሩት በቢልዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ሁሉ የዚያ ሜዳ እረኞች ልጆች ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ አያቶቻቸው በሌላ ቋንቋ ይቈጥሩ ነበር፤ በድል፣ በጋብቻ፣ በንግድ ወይም በባርነት ሰንሰለት አዲሱን ቈጠራ ተማሩ። ቃል ከአፍ ወደ ጆሮ እንጂ ከደም ወደ ደም አይተላለፍም።

ሊቃውንቱ በቃላቱ ፊት የሚያኖሯት ትንሽ ኮከብ ይህን ድንበር ሳታልፍ የቆመች ናት። ከእርሷ ወዲያ «ይህ የኔ ዘር ነው፤ ያ የአንተ አይደለም» የሚል ሰው ቢነሣ፣ መምህሩም የመድረክ ሰዉም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ቀላል ነው፤ እስከ ዐሥር ይቍጠር፤ ከዚያም ከዐሥሩ ቃላት ስንቱን ከጎረቤቱ፣ ስንቱን ከጠላቱ፣ ስንቱን ስሙን ከማያውቀው እንግዳ እንደ ተቀበለ ይንገር።